መንጃ ፈቃድ ሌላ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ሌላ

በዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ከምንማረው ኢትዮጵያውያን መካከል ዕድሜው ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ መንጃ ፈቃድ ያላወጣው ቍጥሩ ቀላል አይደለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «የኢንሹራንሱ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ወላጆችም በበኩላቸው «አንተ ፈቃድ ባወጣህ ማግሥት የቤቱ ኢንሹራንስ ይጨምራል፤ ተመርቀህ ሥራ እስክትይዝ ታገሥ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደ አንድ ስለሚቈጥር፣ ብዙ ወጣቶች ሊያገኙት የሚችሉትን ነገር ሊያገኙት በማይችሉት ነገር ምክንያት ሲያጡት እናያለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ማሳየት፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምንስ ፈጽሞ ማድረግ እንደማይገባው በአጭሩ ማብራራት ነው።

ፈቃዱ የሰው፣ ኢንሹራንሱ የመኪና

መንጃ ፈቃድ መንግሥት ለአንድ ሰው የሚሰጠው የችሎታ ምስክር ወረቀት ነው። መንግሥት የሰውየውን ዓይን ይመረምራል፤ የመንገድ ሕግ ማወቁን በጽሑፍ ፈተና፣ መሪ መያዝ መቻሉን ደግሞ በመንገድ ፈተና ያረጋግጣል። ኢንሹራንስ ግን የችሎታ ምስክር አይደለም። በመኪናው ባለቤትና በአንድ ኩባንያ መካከል የተደረገ ውል ሲሆን፣ ያ መኪና በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ካሣውን ኩባንያው እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ እንዲከፍል የሚያስገድድ ነው። በአጭሩ ፈቃድ ችሎታን ይመሰክራል፤ ኢንሹራንስ ጉዳትን ይክሳል። ስለዚህ መኪና የሌለው ሰው ፈቃድ ለማውጣት ሲቀርብ፣ ከላይ በጠቀስናቸው በሦስቱም ቦታዎች በራሱ ስም የተገዛ ኢንሹራንስ እንዲያሳይ አይገደድም።

በፈቃድ ማውጣቱ ሂደት ውስጥ ኢንሹራንስ የሚጠየቅበት ዋናው ጊዜ የመንገድ ፈተናው ዕለት ነው። ተፈታኙ የሚፈተንበት መኪና ምዝገባውም ኢንሹራንሱም የጸና መሆን አለበት። ነገር ግን መኪናው የተፈታኙ ንብረት ይሁን የሚል ግዴታ የለም። የአጎት ወይም የጓደኛ መኪና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ተማሪ ደግሞ የመንጃ ትምህርት ቤቶች ለፈተናው ቀን የሚያከራዩትን መኪና መጠቀም ይችላል፤ የመኪናው ኢንሹራንስ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቀን የሚከፈለው ኪራይ ከዓመት የኢንሹራንስ ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሕጉ ለምን ኢንሹራንስን አስገዳጅ አደረገ?

በአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ግዴታ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ለመኪና ባለቤቶች ሁሉ ኢንሹራንስን መጀመሪያ ያስገደደው የማሳቹሴትስ ስቴት ሲሆን፣ ሕጉ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ሌሎቹ ስቴቶች ለብዙ ዓመታት አልተከተሉትም፤ ኒውዮርክ በ1956፣ ሰሜን ካሮላይና በ1957 ቀጥለው ደነገጉ። የሕጉ ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ገጪው ድኻ ከሆነ የተገጨው ሰው በፍርድ ቤት ቢረታም የሚቀበለው ገንዘብ አይኖርም። የሆስፒታሉ ዕዳ ግን የተጐዳውን ይጠብቀዋል። እንግዲህ አስገዳጁ ኢንሹራንስ በመጀመሪያ የታሰበው ለነጂው ሳይሆን በእግሩ ለሚሄደውና በሌላው መኪና ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው።

ከ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የማካረን ፈርጉሰን ሕግ ወዲህ ኢንሹራንስን የመቈጣጠሩ ሥልጣን በአብዛኛው የየስቴቱ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ስቴት ያለው ደንብ በሌላው አይሠራም። ለምሳሌ ኒው ሃምፕሸር ዛሬም ነጂዎቹን ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገዙ አያስገድድም። ስለዚህ ከሩቅ ስቴት የሚኖር ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር ለእርሱ ትክክል ሆኖ ለእኛ ስሕተት ሊሆን ይችላል። እዚሁ ቅርባችንም ያረጀ ምክር አለ። በቨርጂኒያ የመኪና ባለቤት 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድለት ነበር። ያ ገንዘብ ምንም ዓይነት የኢንሹራንስ ዋስትና አይሰጥም ነበር፤ አደጋ ቢደርስ ባለመኪናው ከኪሱ ይከፍል ነበር። ይህም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተሽሯል። ዛሬ «አምስት መቶ ዶላር ክፈልና ንዳ» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሞተ ሕግ ነው።

ዝቅተኛው መጠን ብዙ ጊዜ በሦስት ቍጥሮች ይጻፋል። በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 50፣ 100፣ 25 ነው። ይኸውም ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት እስከ 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጐዱት ሰዎች ሁሉ በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር፣ ለተበላሸ ንብረት እስከ 25,000 ዶላር ማለት ነው። በሜሪላንድ 30፣ 60፣ 15፤ በዲ.ሲ. 25፣ 50፣ 10 ነው። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ለሌላው ሰው መሆኑን ልብ እንበል። የነጂውን የገዛ መኪና የሚያሠራው ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ነው፤ ሕግም አያስገድደውም። መኪናው በባንክ ብድር ከተገዛ ግን አበዳሪው ያስገድዳል። አዲስ መኪና በዱቤ የሚገዛ ተማሪ ከወር ወር የሚጨነቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጥሬ ገንዘብ የተገዛ አሮጌ መኪና ይህን ሸክም ያስቀራል።

ዋጋው ለምን ወጣቱ ላይ ይከብዳል?

ነገሩን በአገራችን ዕድር ብንመስለው ይቀልላል። በዕድር ሁሉም አባል በየወሩ እኩል ያዋጣል፤ ኀዘን የደረሰበት ቤት ከተዋጣው ይረዳል። ሽማግሌ ስለ ሆንህ ጨምር፣ ጕረቤትህ ብዙ ሰው ስለ ሞተበት ጨምር የሚል ዳኛ የለም። ኢንሹራንስም የብዙዎችን መዋጮ ሰብስቦ ለጥቂት ተጐጂዎች ማዋል ነው። ልዩነቱ ኩባንያው አባላቱን በየክፍሉ መለየቱና፣ አደጋ ይበዛበታል ብሎ ካሰበው ክፍል ከፍ ያለ ዐረቦን፣ ማለት የኢንሹራንስ ክፍያ፣ መጠየቁ ነው።

ከመለያዎቹ አንዳንዶቹ ምክንያት አላቸው። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ነጂዎች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ሞት የሚያስከትል አደጋ የሚደርስባቸው ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ወጣት ጀማሪ ጭማሪ ቢጠየቅ ፈጽሞ አድልዎ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሌሎቹ መለያዎች ግን የሚያነጋግሩ ናቸው። በብዙ ስቴቶች ኩባንያዎች የሰውየውን የብድር ታሪክ፣ ማለት ክሬዲቱን፣ የሚኖርበትን ሠፈር ዚፕ ኮድ፣ ቀደም ሲል ሳያቋርጥ ኢንሹራንስ የነበረው መሆኑን እያዩ ዋጋ ይቈርጣሉ። አገሩን ከለቀቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው ተማሪ ክሬዲት የለውም። በአዲስ አበባ አምስት ዓመት ያለ አደጋ ቢነዳም ያ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አይቈጠርለትም። ስለዚህ መንገድ ላይ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ ድኻና እንግዳ በመሆኑ ብቻ አጥፊ እንደ ሆነ ሰው ይከፍላል።

ይህ ሊለወጥ የማይችል የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፕሮፖዚሽን 103 የተባለውን ሕግ በድምፅ አጽድቆ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ በቅድሚያ በሦስት ነገሮች እንዲመሠረት አድርጓል። እነርሱም የነጂው የመንዳት ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳው ማይልና የመንዳት ልምዱ ዓመታት ናቸው። በካሊፎርኒያ፣ በማሳቹሴትስና በሐዋይ ለመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ክሬዲትን መመልከት አይፈቀድም። ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፎ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነጂዎች በ1999 በወጣ ሕግ ልዩ ርካሽ ኢንሹራንስ አቋቁሟል። በእኛ አካባቢ ሜሪላንድ በ1972 ባወጣው ሕግ የግል ኩባንያዎች አንቀበልም ያሏቸውን ነጂዎች የሚያስተናግድ ድርጅት መሥርቷል፤ ዛሬ ሜሪላንድ ኦቶ በመባል ይታወቃል። ዋጋው ርካሽ ነው ማለት ባይሆንም፣ በሩ የተዘጋበት ሰው የሚያንኳኳው ሌላ በር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ መኪና የሌለው ተማሪ ፈቃድ ለምን ያውጣ?

መልሱ የዓመታት ጉዳይ ነው። ኩባንያዎች ዋጋ ሲተምኑ ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ፈቃድ ካወጣህ ስንት ዓመት ሆነህ?» የሚል ነው። በ20 ዓመቱ ፈቃድ ያወጣና በ25 ዓመቱ መኪና የገዛ ሰው የአምስት ዓመት ባለፈቃድ ሆኖ ይቀርባል። ፈቃድ ማውጣቱንም መኪና መግዛቱንም ለ25 ዓመቱ ያቈየው ግን በዚያ ዕድሜ ጀማሪ ነው፤ እንደ ጀማሪም ይከፍላል። ኢንሹራንስ ውድ ነው ብሎ ፈቃድን ማዘግየት ውሎ አድሮ ኢንሹራንሱን የሚያስወድድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ የሥራ ማስታወቂያዎች መንጃ ፈቃድ ሲጠይቁ መኪና አለህ ማለታቸው ላይሆን ይችላል፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዳ ሰው የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸውና።

አካሄዱ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የተለማማጅ ፈቃድ፣ በተለምዶ ፐርሚት የምንለው፣ ይወጣል። በዲ.ሲ. የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል። ለወላጆቻችን ይህን መንገሩ ይጠቅማል።

2ኛ፤ ልምምድና ትምህርት ይቀጥላል። ሜሪላንድ ጀማሪ ሁሉ 36 ሰዓት የመንጃ ትምህርት እንዲወስድ ያስገድዳል፤ 30ው በክፍል ውስጥ፣ 6ቱ በመኪና ላይ ነው። ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ 60 ሰዓት ልምምድ ማስመዝገብ አለበት። በቨርጂኒያ 18 ዓመት የሞላውና ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ሰው ፐርሚቱን ቢያንስ 60 ቀን ይይዛል፤ አለዚያም የመንጃ ትምህርት መጨረሱን ያሳያል። ተማሪው ከዘመድ ጋር በዘመድ መኪና ሲለማመድ በጥቅሉ የመኪናው ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል። ቢሆንም ባለመኪናው አስቀድሞ ለኤጀንቱ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባዋል፤ ጥሪው በነፃ ነው።

3ኛ፤ የመንገድ ፈተናው ከላይ እንደ ተገለጸው በዘመድ ወይም በመንጃ ትምህርት ቤት መኪና ይሰጣል።

4ኛ፤ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ አልፎ አልፎ የሰው ወይም የኪራይ መኪና የሚነዳ ተማሪ፣ መኪና ለሌለው ሰው የሚሸጠውን ኢንሹራንስ መጠየቅ ይችላል። ኤጀንቶች ነን ኦውነር ይሉታል። በሌላው ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የሚከፍል ሲሆን፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከባለመኪናው ያነሰ ነው። ሳይቋረጥ ከተያዘም ኋላ መኪና ሲገዛ «ኢንሹራንስ ነበረህን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። በአንድ ቤት አብሮ ያለና በየቀኑ የሚነዳ መኪናን ግን አይሸፍንም።

ከወላጅ ጋር ለሚኖር ተማሪ

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በአንድ ቤት የሚኖሩትን ባለፈቃዶች ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል፤ ልጅ ፈቃድ ሲያወጣም ክፍያው ይጨምራል። የወላጅ ሥጋት እውነት ነው ያልነው ስለዚህ ነው። ቢሆንም ጭማሪውን የሚያቃልሉ መንገዶች አሉ። ብዙ ኩባንያዎች ውጤቱ አማካይ ቢ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ትራንስክሪፕት ማሳየት ብቻ ነው። መኪና ሳይዝ ከቤቱ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ለሚማርም ሌላ ቅናሽ አለ። በሜሪላንድ ደግሞ ልጁ የቤቱን መኪና ጨርሶ የማይነዳ ከሆነ፣ ወላጅና ኩባንያው ተስማምተው ስሙን ከውሉ በግልጽ ማስወጣት ይችላሉ። እንዲህ ከተደረገ በኋላ ግን «ለአንድ ደቂቃ ወደ ሱቅ» ብሎ ቍልፉን ማንሣት የለም። ያ ደቂቃ ኢንሹራንስ የሌለበት ደቂቃ ነውና።

ክፍያን በተመለከተም የስድስት ወሩን ባንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ብዙ ኩባንያዎች ይቀንሱለታል፤ በየወሩ የሚከፍል ግን በየጊዜው ተጨማሪ ይታከልበታል። ድኻ ባንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችል ብቻ ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ ችግር አያቶቻችን መድኃኒቱን አውቀውታል፤ ዕቁብ ነው። ስድስት ተማሪዎች በየወሩ ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የስድስት ወሩን ዐረቦን ባንድ ጊዜ ይዘጋል።

ፈጽሞ የማይገባ

ችግር የማያስደርገው የለም ይባላል፤ ሆኖም ከሚከተሉት አንዱም አያዋጣም።

ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የመጀመሪያው ነው። በቨርጂኒያ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ይዞ የተገኘ ባለቤት 600 ዶላር ከመክፈሉ በላይ፣ ኩባንያው ኤስ.አር. 22 የተባለውን ማረጋገጫ ለ3 ዓመት እንዲያቀርብለት ይገደዳል። ይህም ዐረቦኑን ያንረዋል። አደጋ ከደረሰና ሰው ከተጐዳ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በመኪና አደጋ የተፈረደበትን ካሣ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ያልጀመረው ደመወዙ ዕዳ ተይዞበት ከዩኒቨርሲቲ ይወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዋጋው ረከስ በሚልበት ዘመድ ቤት አድራሻ መዋዋል፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለውን ባለፈቃድ ልጅ መደበቅ ነው። ኩባንያው ዐረቦኑን ሲቀበል ዝም ይልና፣ አደጋ ሲደርስ ይመረምራል። ሐሰቱን ካገኘ ውሉን አፍርሶ ካሣ ሊከለክል ይችላል። ሲከፍሉ ኖሮ በክፉ ቀን ባዶ እጅ መቅረት ነው።

ሦስተኛው በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ማታ ማታ ምግብ በማድረስ የትምህርት ቤት ወጪያቸውን የሚደጕሙ ብዙዎች ናቸው። ለግል አገልግሎት የተገዛ ኢንሹራንስ በአብዛኛው በክፍያ ዕቃ ወይም ሰው ሲመላለስበት የደረሰን አደጋ አይሸፍንም። ሥራው ይቅር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ኤጀንቱን ጠይቆ ተጨማሪውን መሸፈኛ መግዛት፣ አሠሪው ድርጅትም ምን እንደሚሸፍን ውሉን አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል።

ከማኅበራችን ምን ይጠበቃል?

የተማሪዎች ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የለበትም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች ስለ ፐርሚትና ስለ ኢንሹራንስ በአማርኛ ማስረዳት፣ ለዐረቦን የሚሆን ዕቁብ ማቋቋም፣ የመንገድ ፈተና መኪና ኪራይን በጋራ ተደራድሮ ማስቀነስ ከአቅሙ በላይ አይደለም። ከዚህም በላይ ዜግነት ያላቸው አባሎቻችን ለየስቴታቸው ምክር ቤት አባላት መጻፍ ይችላሉ። ሰው በአነዳዱ ይመዘን እንጂ በክሬዲቱ አይመዘን የሚለው ጥያቄ በሌላ ስቴት ተጠይቆ መልስ ያገኘ እንጂ ሕልም አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፈቃድ የሌላችሁ ወንድሞችና እህቶች መኪና እስክትገዙ አትጠብቁ። በዚህ በጋ ፐርሚቱን አውጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ተለማመዱ፤ ፈቃዱን በኪሳችሁ ያዙ። መኪናው ሲመጣ ይመጣል። ኢንሹራንሱ ሳይገዛ ግን ሞተሩ አይነሣ። መንገዱን ከእኛ ጋር የሚሻገሩት ሰዎች እናቶቻችንም ጭምር ናቸውና።